ከውጭ የሚከፈት ቤት

ወደማያውቀው አገር ለሥራ ተመድቦ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሻንጣውን አስቀምጦ አገሩ ምን እንደሚመስል ሊያይ ይወጣል። ሁለተኛው ሻንጣውን ይከፍትና የመጣበትን አገር አንድ በአንድ እያወጣ ክፍሉ ውስጥ ይደረድራል፤ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የአልጋ ልብሱን፣ የወላጆቹን ፎቶግራፍ፣ የለመደውን የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር። ከዚያ በሩን ዘግቶ «ተመስገን፣ አገሩን ለመድኩት» ይላል። እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፤ ከሁለተኞቹ ነኝ። ያውም የሁለተኞቹ አለቃ ብባል አይበዛብኝም። ሌሎቹ ክፍል ተከራይተው ነው አገራቸውን የሚደረድሩት። እኔ ግን ቤቱን ራሱን ጎማ ላይ አውጥቼ በመኪና አስጎትቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ክልሉ ገና ስም ሳይጠናለት፣ ክልል ስድስት እየተባለ በቁጥር በሚጠራበት ጊዜ ነው። አሶሳ ውስጥ ሁሉ ነገር አዲስ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የበሩ ላይ ጽሑፍ ቀለሙ ያልደረቀ። ያልነበረው ወንበር ነበር። ስብሰባ ሲጠራ እያንዳንዱ ባለሙያ ወንበሩን ከክፍሉ ተሸክሞ ይመጣል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቢሮ ድረስ ተመልሶ ሄዶ ወንበሩን ሲያጣ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ይጠራል። እኔ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ቀያሽ ነበርኩ። ሥራዬ በየወረዳው እየዞርኩ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚሠራበትን ቦታ መለካት ነው። እና የት ይታደራል? ትምህርት ቤት ባለበት ትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ይታደራል። ችግሩ እኛ የምንሄደው ትምህርት ቤት በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው። ቢኖር ኖሮ ምን ልንለካ እንሄዳለን?

ከቢሮአችን ጓሮ አንድ ዝግ የጭነት ተሳቢ ቆሞ ነበር። ስሟን መጥራት የማያስፈልገኝ አንዲት የእርዳታ ድርጅት ብስኩትና ብርድ ልብስ ስታመላልስበት ከርማ፣ ሥራዋን ስትጨርስ ትታልን የሄደች ነው። የላሜራ ሣጥን በሉት። ከሥሩ ሁለት ጎማ፣ ከፊቱ መጎተቻና መቆሚያ እግር፣ ከኋላው አንድ ሰፊ በር። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። የከተማው ሰው «ሳንዱቅ» ይለዋል። ውስጡ ስትገቡ የብስኩት ሽታ አፍንጫችሁን ይስበዋል፤ አይጦቹም እንደ እኔው ሽታውን አምነው መጥተው ባዶ ቤት ያገኙ ናቸው። እኔ ግን ያንን ሣጥን ሳየው ቤት ታየኝ። አልጋው በዚህ፣ ጠረጴዛው በዚያ፣ መጋረጃው በመስኮቱ ላይ።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። አሶሳ ያኔ መብራት የሚኖረው ጄኔሬተሩ ደስ ሲለው ስለነበር፣ በያጁ ቀን ሙሉ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይቀመጥና መብራት በመጣ ቁጥር እየዘለለ ይነሳል። ሁለት መስኮት አስቀደድኩ። ለወባው ወንፊት ሽቦ፣ ለሌባው ደግሞ ፌሮ አስበየድኩባቸው። የላሜራው ሙቀት ሰው ስለሚያበስል ግድግዳውን ከውስጥ በቀርከሃ ምንጣፍ አለበስኩት፤ በዚያ አገር ቀርከሃ የሞላ ነው። በቀርከሃው ላይ ቺፑድ፣ በቺፑዱ ላይ ክሬም ቀለም። ጣሪያውን ከውጭ ነጭ ቀባሁት። ቀን ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ፣ ሲመሽ የሚዘረጋ አልጋ አሠራሁ። ብርጭቆው በመንገዱ ንዝረት እንዳይወድቅ ከፊቱ ከልካይ ያለው መደርደሪያ፤ ለቡታጋዙ ከወለሉ ከፍ ያለች መቀመጫ። እውነቱን ለመናገር ከተማ ውስጥ ከተከራየሁት ክፍል ይሻል ነበር።

ከሁሉ የምኮራበት ግን በሩ ነው። ጠባቡን የሰው መግቢያ ከሰፊው በር ላይ አስቆርጬ፣ ከውጭ በኩል ከባድ የብረት መቀርቀሪያ አስደረግሁበት። መቀርቀሪያው በሩ በተዘጋ ቁጥር በራሱ ክብደት ወርዶ ማቀፊያው ውስጥ ይቀመጣል። እጅ አይፈልግም። ንድፉ የእኔ ነው።

በያጁ መቀርቀሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ አንስቶ ጣለና «ከውስጥስ?» አለኝ።

«ከውስጥ ምን?»

«ከውስጥ በምን ይከፈታል?»

«ከውስጥ ሆኖ ማን ይሰርቀኛል?» አልኩና ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ደንበኛ ሲስቅ አብሮ መሳቅ የሥራው አካል ነው።

አብረውኝ የሚዞሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሹፌራችን ይማም ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ መጥቶ አሶሳ አጠገብ ካሉት የሠፈራ መንደሮች ባንዱ ያደገ ሰው ነው፤ ጎማ ሲፈነዳም፣ ዝናብ ሲያግደንም፣ ነዳጅ ሲያልቅም የሚናገረው አንድ ቃል «አብሽር» ነው። የጤና ረዳቷ ዘነበች ናት። ወላጆቿ ከከምባታ በዚያው ሠፈራ ፓዌ ገብተው፣ እሷ እዚያው አድጋ ተምራ ወጥታለች። የሳንዱቁን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ነች፤ ባለሙያ ስለሆነች ሳይሆን እኔ የሰፋሁትን አይታ ስላላስቻላት። አልጋውም የእሷ ነው፤ እኛ ወንዶቹ ከውጭ ሸራ ዘርግተን እንተኛለን።

ሦስተኛው ጋሽ ሐሚስ ነው። በወረቀት የቢሮው ዘበኛ ነው። መስክ ስንወጣ ግን መንገድ መሪያችንም አስተርጓሚያችንም እሱ ነው፤ በብሔሩ በርታ ነው፣ አገሩ ነው፣ ዕድሜው ከሃምሳ የሚያልፍ ይመስለኛል። እስክሪብቶ የያዘን ሰው ሁሉ «ኡስታዝ» ይላል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ዘነበችም «እሱ» ናት፣ የይማም ሚስትም «እሱ» ናት። እኛም በዚህ እንስቅ ነበር። ሰውየው በእኛ ቋንቋ እያወራን፣ እኛ በእሱ ቋንቋ እንደምን አደርክ እንኳ ሳናውቅ፣ የምንስቀው እኛ ነበርን። ይህን ያሰብኩት ያኔ አይደለም፤ በኋላ ነው።

ሳንዱቁን ጎትተን ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ የወጣነው በበጋው መካከል ነው። በዚያ ወቅት ሳሩ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይደርቃል። ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ ውስጡ የሚያኝክ ነገር ያለ ያስመስለዋል። ከመንገዱ ወጥተን በጥርጊያ ገብተን አንድ ትልቅ ዛፍ አገኘን። ጥላው ሰፊ ነው፤ ነፋሱ መልካም ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው ኮረብታ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ሥዕል ይመስላል። ይማምን እዚህ አቁም አልኩት። ጋሽ ሐሚስ ሳንዱቁን አንድ ጊዜ ዞረው።

«ኡስታዝ፣ ሳንዱቅ እዚህ አይቆምም» አለኝ። በእጁ ራቅ ብሎ የሚታየውን ራቁት የድንጋይ ጉብታ አሳየኝ። «እዚያ ድንጋይ ላይ ይቁም።»

«እዚያ ጥላ የለም እኮ ጋሽ ሐሚስ። ላሜራው ይጠብሰናል።»

ትንሽ አሰበ። «እሺ። እንግዲያ ሳር እናቃጥል። ትንሽ ብቻ። ዙሪያውን።»

እኔ ደግሞ ደንግጬ የመንግሥት ንብረት ባለበት እሳት እንደማይነድ፣ ንብረቱ በስሜ እንደተመዘገበ፣ አንድ ነገር ቢሆን የምጠየቀው እኔ እንደሆንኩ አስረዳሁት። ረጅም ማስረዳት ነበር። አብዛኛው ቃል ከደብዳቤ ላይ የተወሰደ ነው።

«እሺ ኡስታዝ» አለኝ።

ይህን «እሺ» እናንተም ታውቁታላችሁ። ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። አልተስማማሁም፣ አንተ ግን አትሰማም፣ ስለዚህ ጊዜያችንን አናጥፋ ማለት ነው። እኔ ግን ተስማማ ብዬ ጻፍኩት። ጋሽ ሐሚስ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ሥራ በሌለበት ጊዜ ሁሉ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ ጀመር። አኩርፎ ነው አልን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይማም ፒክአፑን ከሳንዱቁ ፈቶ፣ በርሜሉን ጭኖ፣ ውኃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወረደ። ዘነበች ከጠዋት ጀምሮ ወባዋ ተነስቶባት ክኒን ውጣ አልጋው ላይ ተኝታለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ የለካሁትን ወደ ወረቀት እገለብጣለሁ። በሩን በሽቦ ወደ ኋላ አስሬ ከፍቼዋለሁ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ነፋሱም ከወትሮው በረታ ብሏል።

መጀመሪያ ያየሁት ወፎቹን ነው። ጭልፊቶች ከኮረብታው በኩል ብዙ ሆነው እየተሽከረከሩ ወደ ታች ይወረወራሉ። ምን አገኙ አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቀጥሎ ወረቀቴ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ወደቀ። ክሊኒኩ ይሠራበታል ያልኩት ቦታ ላይ በትክክል ዐረፈ። በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ። የሳር አመድ ነበር።

ቀና ስል የኮረብታው ሥዕል የለም። በቦታው ቡናማ ጭስ ቆሟል።

ልነሳ ስል ነው ነፋሱ የመጣው። እሳት ከፊቱ የሚሰደው የራሱ ነፋስ አለው፤ ይህንንም ያወቅሁት በኋላ ነው። ሳንዱቁ ተወዛወዘ፣ የበሩ ሽቦ ተበጠሰ፣ በሩ ሄዶ ተላተመ። ከዚያ ያቺን ድምፅ ሰማሁ፤ ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ። እጅ አይፈልግም ያልኳችሁ መቀርቀሪያ እጅ ሳይፈልግ ወረደ።

በሩን በትከሻዬ መታሁት። ደግሜ መታሁት። በያጁ ጥሩ ባለሙያ ነው፤ የሠራው ነገር አይላቀቅም። መስኮቱን ያዝኩ። ፌሮው ክንዴን እስከ ብብቴ ያሳልፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔን አያሳልፍም። መቀርቀሪያው ደግሞ ያለው በሌላው በኩል ነው።

«ምንድን ነው?» አለች ዘነበች ከአልጋው ላይ።

«ምንም አይደለም» አልኳት።

ተነስታ ተቀመጠች፤ አሸተተች፤ ከዚያ ፊቴን አየችኝ።

በዚህ ጊዜ ድምፁ መጣ። ራቅ ካለው የቀርከሃ ጫካ ውስጥ ጥይት የሚተኮስ ይመስላል፤ ቀርከሃ ሲነድ አንጓው እየፈነዳ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፤ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት፣ የማያቋርጥ። ከሳሩ ውስጥ አይጦች፣ ፌንጣዎች፣ አንድ ረጅም እባብም እየተጣደፉ ከሳንዱቁ ሥር ገብተው በሌላው በኩል ይወጣሉ። አንዳቸውም ሌላውን ዞር ብለው አያዩም። ይማምን ጠራሁት። ወንዙ ሩቅ ነው።

ከዚያ ጋሽ ሐሚስን አየሁት። ከድንጋዩ ወርዶ በሳሩ መካከል እየሮጠ ይመጣል። በሕይወቴ ሰው ሳይ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ጋሽ ሐሚስ፣ በሩን» እያልኩ በመስኮቱ እጄን አወዛወዝኩ። አየኝ። እጄን፣ ፊቴን፣ ሁሉንም አየ። እና በበሩ በኩል አልዞረም።

መጎተቻው ላይ ወደታሰረው የናፍጣ ጀሪካን ሄደ። ፈታው፤ ክዳኑን ከፈተ። ከሳንዱቁ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እየተራመደ ሳሩ ላይ ያፈሰው ጀመር። ከደረት ኪሱ ክብሪት አወጣ። ለኮሰው።

እሳቱ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተነሳ።

አሁን የምነግራችሁን መናገር አልወድም። ያን ሰዓት አንጎሌ ውስጥ የነበረው ነገር በሙሉ በአንድ ጊዜ ተደራጀ፤ ድንጋዩ ላይ መቀመጡ፣ ማኩረፉ፣ «እሺ ኡስታዝ» ማለቱ። ሁሉም ለዚህ ቀን የተዘጋጀ ሆኖ ታየኝ። አገር ቤት ሳለሁ ወደዚህ እንደምመደብ ሲሰሙ ዘመድ ጎረቤቱ የነገሩኝ፣ አንዳቸውም እግራቸው እዚህ ያልረገጠ ሰዎች የነገሩኝ ነገር ሁሉ መጣ። ፌሮውን በሁለት እጄ ይዤ ጮህኩበት። ገዳይ አልኩት። ከዚያ «እናንተ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ ያለውን አልጽፈውም፤ እናንተም መገመት አያቅታችሁም። ግን ቃሏን ልብ በሉልኝ፤ «እናንተ»። ፊቴ የቆመው አንድ ሰው ነው። ብዙ ቁጥሩን ከየት አመጣሁት?

ጋሽ ሐሚስ ቀና አለ። ወደ ግራው ዞሮ አየ፣ ወደ ኋላውም ዞሮ አየ። ከዚያ ተመልሶ ጎንበስ አለ።

ከኋላዬ ዘነበች ሸሚዜን ያዘችና ጎተተችኝ። ትኩሳቷ በጨርቁ ውስጥ ይሰማኛል።

«ዝም በል» አለችኝ። «ሰውየው ሥራ ላይ ነው።»

«እያቃጠለን እኮ ነው።»

«ሳሩን ነው የሚያቃጥለው። ትልቁ እሳት ሲመጣ የሚበላው እንዲያጣ፣ ቀድሞ መሬቱን ባዶ እያደረገ ነው። አባቴ ፓዌ ጎተራችንን ሁለቴ እንዲህ አትርፎታል። ውኃው የታለ?»

በመስኮቱ አየሁ። እውነት ነው። ጋሽ ሐሚስ እርጥብ ቅርንጫፍ ገንጥሎ፣ ወደ ሳንዱቁ የሚመለሰውን ነበልባል ሁሉ እየደበደበ ያጠፋል፤ ወደ ውጭ የሚሄደውን ይተወዋል። ጥቂት ይሮጣል፣ ይለኩሳል፣ ተመልሶ ይደበድባል። በአንድ እጁ ቅርንጫፉን፣ በሌላው የኮቱን ጫፍ አፍንጫው ላይ ይዟል። እኛ ጋ ያለው ሁለት ሰው ነው፤ እሱ ጋ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ሥራው ደግሞ የአሥር ሰው ነው።

«ታዲያ በሩን ለምን አይከፍትልንም?» አልኳት።

የውኃውን ጀሪካን አጋድማ ብርድ ልብሶቹን ታረጥባለች። ሁለቱን መስኮቶቹ ላይ ሰቀልን፣ ሦስተኛውን በሩ ሥር ባለው ክፍተት ጠቀጠቅን፣ አራተኛውን ተከናንበን ወለሉ ላይ ተጋደምን። ቡታጋዙን ዘነበች ደረቷ ላይ አቀፈችው። ተዪው፣ ወዲያ ይቀመጥ ብላት፣ «ጋዝ አለበት፤ ከወደቀ ከውስጥ ነው የምንነደው» አለች።

ከዚያ መጣ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። ጣሪያው ላይ ድንጋይ የሚዘንብ መሰለኝ። የክሬም ቀለሙ እየተነፋ ሲፈነዳ፣ ቀርከሃው ከቺፑዱ ሥር ሲንጣጣ እሰማለሁ። መስኮቱ ላይ የሰቀልነው ብርድ ልብስ እንደ ድስት ይጤሳል። ትንፋሽ ስስብ ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፤ ሳልስብ ደግሞ አልቻልኩም። ዘነበች በከምባትኛ አንድ ነገር ደጋግማ ታጉተመትማለች፤ እኔ የማውቀውን ጸሎት ጀምሬ መካከሉን አጣሁት። ድንገት ከሥራችን ከባድ ፍንዳታ ሆነና ወለሉ በአንድ ወገን ሰጠመ። የግራው ጎማ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ላያችን ላይ ወረደ። ዘነበች ቡታጋዙን እንዳቀፈች ተንሸራታ ግድግዳው ጋ ደረሰች። አልለቀቀችውም።

ከዚያ ድምፁ አለፈ። ወደ ፊት አይደለም ያለፈው፤ በግራና በቀኝ ተከፍሎ ነው። ያ ከባድ መኪና ዳገቱን ጨርሶ እየራቀ ሄደ።

መቀርቀሪያው ተነሳ። በሩ ሲከፈት ጋሽ ሐሚስን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ቅንድቡ የለም። ፊቱ በላብና በጥላሸት ተለውሷል። የግራ መዳፉ ቆዳ ተነስቷል፤ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል።

«ቀስ በሉ» አለን። «መሬት ሙቅ ነው።»

ዘነበችን ደግፎ ሊያወርዳት እጁን ሲዘረጋ መዳፉን አየች። ወባዋን ረስታ የመድኃኒት ሣጥኗን ፍለጋ ተመለሰች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። አገሩ ጥቁር ነው፤ እስከ ኮረብታው ድረስ ጥቁር፣ አልፎ አልፎ ጉቶ የሚጤስበት። መካከል ላይ አንድ ጎኑ የዘመመ፣ ነጭ ጣሪያው ቡኒ የሆነ ሳንዱቅ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከአፌ የወጣው ምስጋና አልነበረም።

«ለምን መጀመሪያ አልከፈትክልንም?» አልኩት።

ጋሽ ሐሚስ ጥያቄዬ ያስገረመው ይመስላል። «ከከፈትኩ ትሮጣለህ» አለኝ። «ሳር ውስጥ ትገባለህ። እሳት ይደርስብሃል። ዘነበች ደግሞ አሞታል፣ አይሮጥም። ውስጥ ቁጭ ካልክ እኔ እሠራለሁ።»

እውነቱን ነው፤ እሮጥ ነበር። በዚያ መስኮት ሲያየኝ፣ እጄን ሳወዛውዝ፣ ስጮህ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የተረዳው፤ ይህ ሰው በሩ ቢከፈትለት ይሞታል። ስለዚህ አልከፈተልኝም።

ይማም የተመለሰው ውኃውን ሞልቶ ነው። ከመኪናው ወርዶ ሁላችንንም አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠረና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያን ቀን «አብሽር» አላለም።

አሶሳ እንደገባን ሪፖርት ጻፍኩ። የመሥሪያ ቤት አማርኛ የታደለ ነው፤ አድራጊ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ሞልቶታል። «በአካባቢው የተነሳው ሰደድ እሳት በተደረገው ርብርብ ጉዳት ሳያደርስ እንዲያልፍ ተደርጓል» አልኩ። ማን አደረገ? ተደርጓል። ተሳቢው ቆሞ የነበረበት ቦታ በማን ምርጫ ነው? ተመርጦ ነው። በሩ? ተዘግቶ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ሰው የሚባል ፍጥረት የለበትም፤ ከሥሩ የእኔ ስምና ፊርማ ብቻ። አንባቢው ስም ሲፈልግ የሚያገኘው የእኔን ነው።

እንዲያውም አገኘ። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ሁላችንም ወንበራችንን ተሸክመን ገብተን ከተቀመጥን በኋላ፣ ኃላፊያችን ተነስቶ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ የመንግሥትን ንብረት ያተረፈውን ባለሙያ እናመስግን አለ። ተጨበጨበልኝ። ዘነበች ከፊቴ ነበር የተቀመጠችው። ዞር ብላ አየችኝና ተመልሳ ወደ ፊቷ አየች። አንድ ቃል ብትናገር ይቀለኝ ነበር። ጋሽ ሐሚስ በዚያው ሰዓት እጁ እንደተጠቀለለ ውጭ በሩ ላይ ቆሞ ዘግይቶ ለመጣው ሰው ወንበሩን ያስገባለታል።

ሪፖርቱን በማግሥቱ እንደገና ጻፍኩት። ከባድ ጽሑፍ ነበር፤ «እኔ» የምትለውን ቃል በትክክለኛ ቦታዋ ማስገባት እንዲህ ጣት ያደክማል ብዬ አላሰብኩም። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሳሩ እንዳይቃጠል የከለከልኩት እኔ ነኝ። በሩን እንዲህ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ያተረፈን አቶ ሐሚስ ነው። ኃላፊያችን አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ዘበኛ እኮ ነው» አለኝ። «መጠበቅ ሥራው ነው።»

«የተቀጠረው ከሌባ ሊጠብቀን ነው ጌታዬ» አልኩት። ጥቂት አየኝና ፈረመበት። የምስጋናው ደብዳቤ በስሙ ወጣ። በሳንዱቁ በር ላይም ከውስጥ እጀታ ተደረገለት፤ ተደረገለት አልኩ እንጂ ያስደረግሁት እኔ ነኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር ግን በደብዳቤ የሚያልቅ አልነበረም። ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ፓኮ ሻይ ይዤ እሑድ ጠዋት ቤቱ ሄድኩ። ከከተማው ዳር ነው፤ የቀርከሃ አጥር ያለው ንጹሕ ግቢ። ቤቱን ሳየው ነው ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬው ስሠራ ደጁን ረግጬ እንደማላውቅ የገባኝ። በመዳፉ ላይ አዲስ ቆዳ ሮዝ ሆኖ በቅሏል፤ ቅንድቡም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ሰሌን ዘረጋልኝ። ሚስቱ ሻይ አመጣችልን።

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ቁጭ ስል ጠፋኝ። በቀጥታ «ጋሽ ሐሚስ፣ ያን ቀን በመስኮቱ የተናገርኩት ነገር» አልኩና ቆምኩ።

አልረዳኝም፤ አላቋረጠኝምም።

«ገዳይ አልኩህ። ከዚያ ደግሞ እናንተ ብዬ...» አልኩት። የቀረውንም ነገርኩት፤ ምናልባት አልሰማው ይሆናል ብዬ ልሸፋፍነው ዳድቶኝ ነበር፤ ግን ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። በዝግታ ሲነገር፣ ተጮኾ ከነበረው ይበልጥ ያስጠላል። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

ጋሽ ሐሚስ በደኅናው እጁ ሻዩን አማሰለ።

«ገዳይ ስትል ሰማሁ» አለኝ። «ሰው ሲፈራ ይላል። እሱ ምንም አይደለም።» ማንኪያውን አወጣና አስቀመጠ። «እናንተ ስትል ግን ዞሬ አየሁ። ሌላ ሰው መጣ ብዬ። አንድ የሚያግዘኝ ሰው መጣ ብዬ ደስ አለኝ። አየሁ፣ ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

ከዚያ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እንድጠጣ ነገረኝ።